ሊኑክስ ሚንት በአሮጌ ቲንክፓድ

የዊንዶውስ 10 ሳፖርት ኦክቶበር 2025 ላይ አለቀ፣ 11 ደግሞ የኔን ቲንክፓድ ቲ420 ላፕቶፕ ዞር ብሎም አያየው፣ የ2011 ማሽን ነዋ፣ 11 የሚፈልገው ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ከየት ይምጣ። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በፍላሽ ጫንኩበት፣ ቀለል የሚለውን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ማለት ነው፣ ሃርድ ዲስኩንም በኤስኤስዲ፣ ማለትም በጣም ፈጣን በሆነው የፋይል ማስቀመጫ ቀየርኩት፣ ከታች አንድ ብሎን ፈትቶ በጎን ሳብ ማድረግ ነው እንጂ ባለሙያ ምናምን አያስፈልገውም፣ ከዛ በቃ ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ! ራም ብቻ ጨምራችሁ ተአምር እንዳትጠብቁ፣ ዋናው ኤስኤስዲው ነው። እንደ ወርድና ኤክሴል ያሉትን የሚተካው ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል፣ ቫይረስ በየፍላሹ እያልኩ መጨነቅም ቀረልኝ። ዩቲዩብ 720 ላይ ሰላም ነው፣ ከዛ ከፍ ስታደርጉት ፋኑ ይጮሃል። የአማርኛ ኪቦርድ ማስገባቱ ትንሽ ያለፋል፣ አይባስ (IBus) የሚባለው የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያ ላይ ኤም17ኤን (m17n) የሚባለውን ተጨማሪ መጫን አለባችሁ። ፎቶሾፕ የግድ የሚላችሁ ሰዎች ግን ይቅርባችሁ፣ የሊኑክስ ስሪት የለውም።