የሙት ባሕር ጭቃ፦ 8 ወር ተቀብቼው

እናቴ ጭቃውን ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዋጋውን ነው። «60 ሼቀል» አልኳት። «ለጭቃ?» ብላ ጣቷን ነከረችበት። ጎንደር እያለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ «ልስልስ ነው። አሸዋ የለውም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለች። ሳቅኩባት።

የገዛሁት እዚሁ እስራኤል፣ ዔን ቦኬክ፣ ባሕሩ ዳር ካለ ሱቅ ነው። ከምኖርበት ከቤር ሼቫ በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ይወስዳል። ግማሽ ኪሎ ነው፤ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የሚዛቅ፣ ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል የሚሸት። ሽታው የሰልፈር ነው። ከንፈር ሲነካ ደግሞ ይመራል። የሌላው ባሕር ጨው በአብዛኛው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት ነው፤ ሙት ባሕር ግን ማግኒዥየም ይበዛበታል፣ ምሬቱም ከዚያ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ተቀብቼ ስልኬን ስጎረጉር 40 ደቂቃ አለፈ። መስታወት ሳይ ፊቴ በጋ የመታው ዋልካ መስሏል። ስታጠበው ጉንጬ እሳት ሆነ፤ ሁለት ቀን ተላጠ። እናቴ ምንም አላለችም፣ ቫዝሊን ብቻ አቀበለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጫፍ ጫፉ መንጣት ሲጀምር፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላው አነሳዋለሁ። በሳምንት አንዴ፣ ወዝ የሚበዛበት ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ ብቻ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነኝ ልዩነቱን አየሁት። ከሰዓት ላይ ግንባሬ አያብለጨልጭም፤ አፍንጫዬ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦችም ቀንሰዋል። ግን ካቆሙት ይመለሳል። አንድ ወር ረስቼው አይቻለሁ።

ማዲያቴ እዚያው ነው። ሻጯ «በ3 ወር ድራሹ ይጠፋል» ብላኝ ነበር፤ የድሮና የዘንድሮ ፎቶዬን ጎን ለጎን አይቻለሁ፣ ምንም። ፀሐይ መከላከያ ሳይቀቡ ማዲያትን በጭቃ ማባረር ዘበት ነው። አብሬ የገዛሁት የማዕድን ክሬም ደግሞ ሽቶው ራስ ያዞራል። ለእህቴ ሰጠኋት፤ እሷም ተረከዟን ነው የምትቀባው።

ቅንድባችሁን በክር የተነሳችሁ ቀን እንዳትሞክሩት፣ ያንገበግባል። ደግሞ መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እኔ በቀጥታ እያጠብኩ የመታጠቢያዬን ቧንቧ ደፍኜ ለቧንቧ ሠራተኛ የከፈልኩት ከጭቃው ዋጋ ይበልጣል።

ጭቃውን ደግሜ እገዛለሁ፣ ክሬሙን አልገዛም። አሁን የቀረው ሁለት ማንኪያ ነው። ደርቆ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት እናቴ ውሃ ጠብ አድርጋ አሽታ አለሰለሰችው። ማታ ስገባ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱንም ጉልበቷን ለቅልቃው አገኘኋት።