ስንቅ ከአገር ቤት ይላክ ወይስ እዚያው ይገዛ? ለሰሜን ሸዋ ቤተሰቦችና በውጭ ላሉ ልጆቻቸው የቀረበ ንጽጽር

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ ወይም ከሸዋ ሮቢት ዘመድ ወደ ውጭ የሄደበት ቤት ሁሉ፣ ተጓዥ በተገኘ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል፤ በሰው ሻንጣ ውስጥ የተገኘችው የጥቂት ኪሎ ቦታ በምን ትሞላ? እናት በርበሬው እንዳይቀር ትላለች፣ አባት የገብስ ቆሎውን ያስታውሳል፣ ተቀባዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ይዞት «ያገኛችሁትን ላኩ» ብሎ ያልፋል። በዚህ መካከል እዚያው ሰፈር ካለ የሕንድ ሱቅ በርካሽ የሚገኘው ምስር ክክ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ከአገር ውጭ በቀላሉ የማይገኘው ኮሰረት ግን ቤት ይቀራል።

እዚህ የሚነጻጸሩት ሦስት መንገዶች ናቸው፤ ከአገር ቤት በተጓዥ ወይም በፖስታ የሚላክ ስንቅ፣ ተቀባዩ ባለበት ከተማ ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛ የታሸገ ምግብ፣ እንዲሁም ጥሬውን ከሕንድ፣ ከቱርክ ወይም ከዓረብ ሱቅ ገዝቶ በራስ እጅ ማዘጋጀት። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ቢነገር ይሻላል፤ ባለሙያ እጅ የገባበትና የደረቀ ነገር ይላክ፣ ጥሬ የሆነና የሚከብድ ነገር ግን እዚያው ይገዛ። የአገር ቤት ጣዕም የሚገኘው በእህሉ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ይበልጡን በቅመሙ፣ በአቆላሉና በድለዛው ስለሆነ፣ ውድ የሆነውን የሻንጣ ኪሎ ማንም አገር በሚበቅል እህል መሙላት ኪሳራ ነው።

ዋጋን በሚመለከት አብዛኛው ቤተሰብ የሚሳሳተው የገበያውን ዋጋ ብቻ በማሰብ ነው። የአንድ ኪሎ ሽሮ እውነተኛ ዋጋ የእህሉን፣ የቅመሙን፣ የማስፈጫውንና የሻንጣውን ድርሻ አንድ ላይ የያዘ ነው። ተጓዡ በብዙ አየር መንገዶች ከተለመደው የ23 ኪሎ ሻንጣው ላይ ቦታ ቢለግስ የማጓጓዣው ወጪ ከምስጋና አያልፍም፤ ለትርፍ ኪሎ የሚከፈል ከሆነ ግን ክክና ዱቄት ወዲያውኑ ከባዕድ አገር ዋጋ በላይ ይወጣሉ፣ በርበሬና የተፈጨ ቅመም ግን ያን ጊዜም ያዋጣሉ። ከሐበሻ ሱቅ የሚገዛም ሰው የፓኬቱን ዋጋ ሳይሆን የኪሎውን ዋጋ አስልቶ ያወዳድር፤ ትናንሽ ፓኬቶች ርካሽ መስለው የሚያታልሉት በዚህ ነው።

በርበሬ

ሦስቱ መንገዶች በሰፊው የሚራራቁት በበርበሬ ላይ ነው። የቤት በርበሬ ዛላው ተቀንጥሶ፣ በፀሐይ ደርቆና ተሸክሽኮ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ፣ ታፍኖ ካደረ በኋላ እንደገና ተሰጥቶ፣ በመጨረሻም ከኮረሪማ፣ ከነጭና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ወደ ወፍጮ የሚሄድ ነው። ይህን ሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ፀሐዩን ባያጣ ጎረቤቱን ያጣል። ከሕንድ ሱቅ የሚገዛው የተፈጨ ቃሪያ ቀለሙ ደማቅ ቢሆንም ድልዝ የለውም፤ ወጡ ያቃጥላል እንጂ አይሸትም። የሐበሻ ሱቁ የታሸገ በርበሬ በመካከል ይገኛል፤ ለችግር ጊዜ ያገለግላል፣ ነገር ግን ለሁሉም ሰው ምላስ እንዲስማማ ተብሎ ስለሚመጠን የአንድን ቤት እጅ አይተካም። ስለዚህ በርበሬ ይላክ። ብቻውን ለሚኖር ሰው 2 ኪሎ ብዙ ወራት ያቆየዋል፤ ማቃጠሉ የሚከብደው ቤተሰብ ካለ ደግሞ እዚያው የሚሸጠውን የማያቃጥል ፓፕሪካ ቀላቅሎ ቀለሙን ሳያጣ ማብረድ ይችላል።

ሲገዛ የተፈጨ ሳይሆን ዛላው ይገዛ። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ሊቀላቀል እንደሚችል ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል፤ ትንሽ ቆንጥሮ ሲቀመስ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የዛላው ችግር ደግሞ እርጥበት ነው። ክብደት እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት ዛላ በውጭ ሲታይ ያብረቀርቃል፣ ሲታጠፍም እንደ ደረቁ አይንኮሻኮሽም፤ ጥቂቱን መርጦ ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ማየት ነው። ፍሬው የተቀመጠበት ነጭ ክር ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየ ያ በርበሬ መታለፍ አለበት። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መቁላትም ሆነ ማብሰል አያጠፋውም፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከኢትዮጵያ ለንግድ በሚገቡ ቅመሞች ላይ ተጨማሪ የአፍላቶክሲን ምርመራ የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽሮ

በሽሮ ላይ ልዩነቱ ከበርበሬ ይጠብባል። ሽምብራ በምንጃርና በሞረትና ጅሩ መረሬ መሬት ላይ በደንብ የሚበቅል እህል ስለሆነ የሰሜን ሸዋ ቤት ሽሮ ገና ከጥሬው የተሻለ ነው፤ ሆኖም ሽምብራ በባዕድ አገርም ሞልቷል። ሕንዶች ቤሰን የሚሉት የሽምብራ ዱቄት በየሱቃቸው ይገኛል፤ ብዙ ሰው ገዝቶ የሚያዝነው ዱቄቱ ያልተቆላ በመሆኑ ነው። በደረቅ መጥበሻ ላይ በለዘብተኛ እሳት እያማሰሉ ሽታው እስኪለወጥ ቢያምሱት፣ ከተላከው በርበሬና ከጥቂት ኮረሪማ ጋር ቢቀላቅሉት፣ ለዘወትር የሚሆን ሽሮ ይወጣዋል። በዐቢይ ጾም ሽሮ በየቀኑ ለሚሠራበት ቤት ይህ መንገድ ከሁሉ ርካሽ ነው። ከአገር ቤት የሚላከው ደግሞ ነጭ ሽሮ ሳይሆን ምጥን ሽሮ ይሁን፤ ነጩን እዚያው መተካት ይቻላል፣ የምጥኑ ቅመም ግን የእናት ልኬት ነው።

ሽሮ ከገበያ ተፈጭቶ ሲገዛ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ጓያ አለበት ወይ? ጓያ ድርቅን የሚቋቋምና ርካሽ እህል ስለሆነ ከሽምብራና ከአተር ጋር ይቀላቀላል። ለረጅም ጊዜ በብዛት የሚመገበውን ሰው እግር የሚያሽመደምድ ንጥረ ነገር እንዳለበት ግን በሕክምና የታወቀ ነው፤ በአገራችን ደገኛ አካባቢዎችም ጉዳቱ ታይቷል። አንድ ጊዜ የበላውን አይጥለውም፤ ነገር ግን በውጭ አገር ብቻውን እየኖረ ጠዋት ማታ ሽሮ ለሚበላ ተማሪ ከዚህ የተጣራ እህል መላክ ተገቢ ነው። አስተማማኙ መንገድ እህሉን በጥሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ፣ ቆልቶና ከክቶ ማስፈጨት ነው።

በሶና ቆሎ

በዚህ ረገድ ሰሜን ሸዋን የሚያህል የለም ቢባል ብዙ አድሎ አይሆንም። ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ጥሩ ገብስ ያለው ቤት ደግሞ ጥሩ በሶ አለው። በሐበሻ ሱቅ የሚገኘው በሶ መቼ እንደተፈጨ ስለማይታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ሽታው የጠፋ ነው። ከእኛ በሶ ጋር የሚቀራረበው ቲቤቶችና ኔፓሎች የሚመገቡት ጻምፓ የተባለ የተቆላ ገብስ ዱቄት ሲሆን፣ የእነርሱ ሱቅ ባለበት ከተማ ያለ ሰው ስንቅ እስኪደርስለት ሊሞክረው ይችላል።

የበሶ ትልቁ ጥቅም ማድ ቤት አለመፈለጉ ነው። ንጽጽሩ በአሜሪካና በአውሮፓ የራሱ ምድጃ ላለው ሰው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግማሹን ሰው ይረሳል። ከቀወት ወይም ከኤፍራታና ግድም ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በአሠሪ ቤት የምትኖር እህት ሽንኩርት አቁላልታ ወጥ የምትሠራበት ምድጃ ላይኖራት ይችላል፤ ሽታውም ብዙ ጊዜ አይወደድላትም። ለእርሷ ምጥን ሽሮ ከሚላክ በውኃና በስኳር ወይም በማር የሚበጠበጥ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቢላክ ይጠቅማታል። በጾምም ሆነ በፍስክ ይበላል፣ ሳይበስል ይበላል፣ ለወራትም ይቀመጣል። የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ውስጥ ያለ ተማሪም ሁኔታው ከዚህ አይርቅም። በቅቤ ታሽቶ የተዘጋጀ በሶ ግን ከዚህ በታች በሚነገረው የጉምሩክ ምክንያት ባይላክ ይመረጣል።

እንጀራ

ትኩስ እንጀራ መላክ አያዋጣም። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ በመንገድም ይሻግታል። ድርቆሽ ግን ውኃው የወጣለት ስለሆነ ቀላል ነው፣ ይቆያልም፤ ችግሩ ቦታ መያዙና መሰባበሩ ብቻ ነው፤ ፍርፍር ለሚሆን ነገር ደግሞ መሰባበር ጉዳት አይባልም።

በሐበሻ ሱቅ ከሚሸጡት መካከል አንዳንዱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚጫን እንጀራ ነው፤ አብዛኛው ግን እዚያው የሚጋገር ነው። ይህ ሁለተኛው ከስንዴ፣ ከሩዝ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ገዢው በሻጩ ቃል ብቻ መተማመን አያስፈልገውም፤ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የታሸገ ምግብ ይዘት የሚጻፈው ከክብደት አንጻር ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ በመለያው ላይ ስንዴ ቀድሞ ጤፍ ተከትሎ ከተጻፈ የተገዛው የጤፍ እንጀራ አይደለም። የጤፍ ዱቄቱን ገዝቶ ራስ መጋገር ለቤተሰብ ከሁሉ ይረክሳል። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለከለከለች፣ በአሜሪካ የሚሸጠው ጤፍ ብዙው በአይዳሆ ግዛት እና በአካባቢው የሚበቅል ነው፤ እዚያ ጤፍ መዘራት ከጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የምንጃርን ነጭ ጤፍ ለለመደ ሰው ልዩነቱ ይታወቀዋል፤ ቢሆንም እርሾው ከተለማመደ በኋላ ዓይኑ የሚያምር እንጀራ ይወጣዋል።

ምጣድ ለመላክ የሚያስብ ካለ ስለ ኤሌክትሪኩ አስቀድሞ ይጠይቅ። የእኛ ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ 120 ቮልት ባለበት አሜሪካ አይግልም፤ በእንግሊዝ ደግሞ ሶኬቱ 13 አምፒር ማለትም ወደ 3,000 ዋት ብቻ ስለሚችል ከዚያ በላይ የሚስብ ምጣድ ፊውዝ ያቃጥላል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖች የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ቤታኒ የተባለ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ ያውሉታል፤ ዲያሜትሩ 16 ኢንች ያህል ስለሆነ እንጀራው ከአገር ቤቱ ያንሳል እንጂ ያምራል።

ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ

እዚህ ላይ ጣዕም ሳይሆን ሕግ ይወስናል። የአውሮፓ ኅብረትና እንግሊዝ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ አሜሪካም ከአገራችን የሚመጣ ሥጋን ደረቅ ቢሆንም ትከለክላለች። ስለዚህ የመንዝ በግ ቋንጣ የቱንም ያህል ቢያስጎመጅ አይላክ። ያልተናገሩት ነገር በፍተሻ ሲገኝ ዕቃውን ከማጣት አልፎ ቅጣት ያስከትላል፤ ቅጣቱ የሚወድቀው ደግሞ በላኪው ላይ ሳይሆን ሸክም በተቀበለው ተጓዥ ላይ ነው።

እናቶች በቅቤ ጉዳይ በቀላሉ እሺ እንደማይሉ የታወቀ ነው፤ «ያ የፈረንጅ ቅቤ ምን ይሸታል?» ይላሉ፣ ሐቅም አላቸው። ግን መፍትሔው ቅቤውን ሳይሆን የማንጠሪያውን ቅመም መላክ ነው። በውጭ የሚሸጠው ጨው የሌለበት ቅቤ በሕግ ቢያንስ 80 በመቶ ስብ እንዲኖረው ስለሚገደድ አሬራው ካልወጣለት የገበያ ቅቤ ይልቅ ሲነጠር የሚቀንሰው ጥቂት ነው። አብሽ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ከሕንድ ሱቅ ይገኛሉ። የማይገኙት ኮሰረትና በሶብላ ናቸው፤ ኮረሪማም በሕንዶቹ ሄል በሙሉ አይተካም። እነዚህ ሦስቱ ደርቀውና ተፈጭተው ግማሽ ኪሎ ቢላኩ ከአንድ ጣሳ ቅቤ የበለጠ ዋጋ አላቸው።

ምስር፣ የአተርና የሽምብራ ክክ ላይ መድከም አያስፈልግም፤ እዚያው ይገዙ። ለቅንጬም የቱርክ ሱቅ ቡልጉር ያገለግላል። አረቄ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ኩዌት ፈጽሞ አይላክ፤ መጠጥ በዚያ ወንጀል ነው።

አስተሻሸግ

ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ እያለ በፕላስቲክ ከታሰረ በውስጡ ያልበዋል፤ ሽሮው ሳይደርስ የሚሻግተውም በዚህ ነው። በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ፣ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በሁለት ፕላስቲክ ይታሸግ፤ ተቀባዩም ለሳምንት የሚበቃውን አውጥቶ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ ያኑር። በየፓኬቱ ላይ የውስጡ ዓይነት በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ፈታሹ ፓኬቱን ቀዶ ለመቅመስ አይገደድም። ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ውስጥ ለተጨማሪ ፍተሻ ስለሚዳርግና ሊከለከልም ስለሚችል፣ በርበሬና ሽሮ የሚጫኑት ለጭነት በሚሰጠው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ተጓዥ ከጠፋና በፖስታ የሚላክ ከሆነ፣ ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ ስጦታ በአውሮፓ ኅብረት እስከ 45 ዩሮ፣ በእንግሊዝ እስከ 39 ፓውንድ ዋጋ ድረስ ከቀረጥና ከታክስ ነጻ ነው። በቅጹ ላይ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፍ፣ የተገመተው ዋጋም እውነተኛው ይሁን፤ የፖስታው ሂሳብ ግን ከስንቁ ዋጋ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ መንገድ የሚሄደው በርበሬና የማንጠሪያ ቅመም ብቻ ቢሆን ይሻላል፣ በሶውም ተጓዥ እስኪገኝ ይቆይ።