የቻርሊ ፓርከር ታሪክ በአጭሩ፦ የጋሪ ጊዲንስ መጽሐፍ ዳሰሳ

ስለ አልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ስለ ቻርሊ ፓርከር የሚነገረው ወሬ እርሱ ከኖረው ዕድሜ እጅግ ይረዝማል። በ1920 በካንሳስ ሲቲ ተወልዶ በማርች 1955 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሞት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና የ34 ዓመት ሰው የነበረ ቢሆንም፣ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ከ50 ያለፈ መስሎት ነበር። በዚያ አጭር ዕድሜ ላይ ሱሱ፣ ትዳሮቹና በየመድረኩ የሠራው ሁሉ እየተጨማመረ ስለ ተተረከ ሰውየውን ከተረቱ ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ሆኗል። «በርድ»፣ ማለትም ወፍ፣ የተባለበት ምክንያት እንኳን መኪና ከገጨችው ዶሮ ጀምሮ በልዩ ልዩ መንገድ ይወራል።

አሜሪካዊው የጃዝ ሐያሲ ጋሪ ጊዲንስ በ1987 ያሳተመውና በ2013 አሻሽሎ ያወጣው «ሴለብሬቲንግ በርድ» ይህን ተረት የሚጋፈጠው በማሳጠር ነው። ርእሱ በርድን ማወደስ ማለት በመሆኑ አንባቢ ገድል ሊያነብ የተዘጋጀ ሊመስለው ይችላል፤ እኔም መጽሐፉን ስከፍት ይኸው ጥርጣሬ ነበረኝ። ጸሐፊው ግን ውዳሴውን ለሙዚቃው ይሰጣል፤ ወሬን ደግሞ ገጽ ለመሙላት አይጠቀምበትም። በፎቶግራፎች የታጀበውን ይህን መጽሐፍ ሁለት ምሽት የተቀመጠበት ሰው ይጨርሰዋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት የፓርከር የመጀመሪያ ሚስት የሬቤካ ራፊን ምስክርነት ነው። የሬቤካ ቤተሰብ የፓርከር እናት ወደምትኖርበት ቤት በተከራይነት ገብቶ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ገና ልጆች ሳሉ ተዋውቀው በ1936 ሲጋቡ ሙሽራው 16 ዓመት እንኳን አልሞላውም። ጊዲንስ ይህችን ሴት ራሱ ፈልጎ ስላነጋገራት፣ በሌሎች ትረካዎች ውስጥ ከምሽት ክበብ ወደ ምሽት ክበብ ሲዞር ብቻ የምናየው ፓርከር እዚህ ቤት ያለው፣ በእናቱ የተሞላቀቀ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ዕፅ ሲጀምር ሚስቱ በዐይኗ ያየችው ልጅ ሆኖ ይቀርባል። ረጅም ጥናት የጻፉ ሰዎች ሳይቀሩ የዘለሉትን በር ይህ ትንሽ መጽሐፍ ከፍቶታል ለማለት እደፍራለሁ።

ወጣቱ ፓርከር በዚያው በ1936 በሬኖ ክለብ መድረክ ላይ መንገዱ ሲጠፋበት ከበሮ መቺው ጆ ጆንስ ሲምባሉን፣ ማለትም ከከበሮው ጋር የሚመታውን የብረት ሳህን፣ ወርውሮ እንዳዋረደው የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። እኔን የበለጠ የማረከኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ድካም ነው፤ በ1937 የበጋ ወራት ወደ ኦዛርክ ተራሮች ሄዶ የሳክስፎን ተጫዋቹን የሌስተር ያንግን ሸክላዎች እየሰማ ሲለማመድ ከርሞ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ራሱ ፓርከርም ለተወሰኑ ዓመታት በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደ ነበር ተናግሯል።

የፓርከርን ፈጠራ ለእኛ አንባቢ ለማስረዳት ከቅኔ ቤት የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ቅኔ ዘራፊው ልኩና ዜማው የታወቀውን መንገድ ይዞ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ቃል እንደሚያፈልቅ ሁሉ፣ ፓርከርም ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ኮርዶች፣ ማለትም ዜማውን የሚያጅቡትን የድምፅ ጥምረቶች፣ ይዞ ዜማውን አስወግዶ በላዩ ላይ አዲስ ዜማ ይዘርፋል። ኖቬምበር 26 ቀን 1945 የቀረጸው «ኮ-ኮ» በዚህ መንገድ «ቼሮኪ» ከተባለው ዘፈን የወጣ ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ጊዲንስ ስለ እንዲህ ያሉ ሸክላዎች ሲጽፍ የኖታ ትምህርት ለሌለው ሰው በሚገባ ቋንቋ ይጽፋል፤ ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም።

ይኸው ችሎታ ግን ጉድለትም አለው። ሳክስፎን የሚማር ሰው ቢባፕ የሚባለውን የፓርከርን የጃዝ ስልት አሠራር በዝርዝር ለማጥናት ቢፈልግ ሌላ መጽሐፍ መፈለግ ይኖርበታል። የመጨረሻዎቹ ዓመታትም ለእኔ ፈጥነው አልፈዋል፤ በ1951 በኒው ዮርክ ክበቦች ለመጫወት የሚያስፈልገውን ፈቃድ መነጠቁና በ1954 ትንሽ ልጁ መሞቷ ሰፋ ያለ ቦታ የሚገባቸው ነበሩ። የሐያሲው እንግሊዝኛም የታመቀ ስለ ሆነ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ይላል፤ ተደጋግሞ ሲነበብ ግን አይጎመዝዝም።

ፓርከርን ጨርሶ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው መጽሐፉን የምመክረው ከሸክላዎቹ ጋር ነው። ንባቡ 1945 ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ከድኖ «ኮ-ኮ»ን ሁለት ጊዜ ያዳምጥ፤ በመጀመሪያው ፍጥነቱ ግራ ያጋባዋል፣ በሁለተኛው ግን ጊዲንስ ስለምን እንደሚጽፍ ይገባዋል።