ሎዋር፣ ሰሜን ዌልስ ወይስ ራይን፦ ከልጆች ጋር በመኪና ግንቦችን ለማየት የትኛው ይመረጣል?

ጥንታዊ ግንቦችንና ውብ የገጠር መልክዓ ምድርን በአንድ ጉዞ ለማየት ለሚያስብ ቤተሰብ እዚህ የሚነጻጸሩት ሦስት አካባቢዎች ናቸው፤ የፈረንሳዩ የሎዋር ሸለቆ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ኤድዋርድ ምሽጎች የሚገኙበት ሰሜን ዌልስ፣ እንዲሁም በጀርመን ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው የራይን ሸለቆ። ሦስቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የዌልሶቹ ምሽጎች በ1986፣ ሎዋር በ2000፣ ራይን በ2002 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ የትኛው ይበልጥ ያምራል ብሎ መከራከር ብዙም አያራምድም። ቤተሰቡ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት መኪና ውስጥ እንደሚቀመጡና ከመኪናው ሲወርዱ ግንቡ ውስጥ ምን ለማድረግ እንደሚፈቀድላቸው ነው። በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲመዘኑ ሦስቱ አካባቢዎች በጣም ይራራቃሉ።

ግንቦቹ ለምን ተሠሩ?

አንድ ልጅ ዛሬ ወደ ግንቡ ሲገባ የሚያገኘው ነገር ግንቡ መጀመሪያ ከተሠራበት ዓላማ የመጣ ነው። የሎዋር ዝነኛ ቤተ መንግሥታት አብዛኞቹ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል የተካሄደው የመቶ ዓመቱ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለአደን፣ ለግብዣና ለክብር የተሠሩ ናቸው። ሻምቦር በ1519 በፍራንሷ ቀዳማዊ ትእዛዝ የተጀመረ የአደን ማረፊያ ሲሆን ከ400 በላይ ክፍሎችና 282 የእሳት ምድጃዎች አሉት፤ ንጉሡ ግን በዘመኑ ሁሉ በውስጡ ያደረው ተደምሮ ከጥቂት ሳምንታት አይበልጥም። መሃሉ ላይ ያለው ጥንድ ጠመዝማዛ ደረጃ አንዱ በሌላው ላይ የተጠመጠመ በመሆኑ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በመስኮቶቹ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። አባት በአንዱ፣ እናት በሌላው ልጆቹን ተካፍለው ቢወጡ እስከ ጣሪያው ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ሽኖንሶ ደግሞ ሼር በተባለው ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ የተዘረጋ ነው፤ 60 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ሆኖ አገልግሏል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ቤቶች በግድግዳ ምንጣፍ፣ በሥዕልና በጥንታዊ የቤት ዕቃ የተሞሉ ናቸው። ብዙው ክፍል በገመድ ስለሚከለል የአምስት ዓመት ልጅ ምንም ሳይነካ እንዲያልፍ ይጠበቅበታል፤ በአንድ ቀን ሁለት ቤተ መንግሥት ከተጎበኘ ሁለተኛው ለወላጅም ለልጅም ድካም ነው። ከዚህ የሚለየው በአምቧዝ ከተማ የሚገኘው ክሎ ሉሴ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ1516 ጀምሮ እስካረፈበት እስከ 1519 ድረስ የኖረው እዚያ ሲሆን፣ በንድፎቹ መሠረት የተሠሩ ማሽኖች በአትክልት ስፍራው ውስጥ ይታያሉ፤ ከእነርሱም ልጆች በእጃቸው ሊያንቀሳቅሷቸው የሚችሉ አሉ። ከልጆች ጋር ወደ ሎዋር የሚሄድ ቤተሰብ ከዝርዝሩ ሌላ ቢቀንስ እንኳ ይህን ባይቀንስ እመርጣለሁ።

ሰሜን ዌልስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከ1282 እስከ 1283 በተደረገው ጦርነት የዌልስን መሳፍንት ድል ካደረገ በኋላ አገሩን ለመያዝ ያሠራቸው የጦር ምሽጎች ናቸው፤ የግንባታው ዋና መሪም ማስተር ጄምስ የተባለው ከሳቮይ የመጣ ባለሙያ ነበር። ከነዚህ ውስጥ አራቱ ማለትም ኮንዊ፣ ካርናርቨን፣ ሃርሌክና ቦማሪስ በቅርስነት የተመዘገቡት ናቸው። ጣሪያቸው አብዛኛው ፈርሷል፣ ዕቃ የላቸውም፣ የቀረው ድንጋይና ሰማይ ነው፤ ለልጅ ግን ይህ ጉድለት ሳይሆን ነጻነት ነው። በጠመዝማዛው ደረጃ ማማው ላይ መውጣት፣ በግድግዳው ውስጥ ባለው ጨለማ መተላለፊያ መሄድ፣ ቀስተኛ በቆመበት ጠባብ መስኮት ማየት ይቻላል። በኮንዊ የከተማው ቅጥር ራሱ 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 21 ማማዎች ያሉት ሲሆን፣ በአብዛኛው በላዩ ላይ ያለ ክፍያ በእግር መሄድ ይቻላል። የሃርሌክ ታሪክ ደግሞ ለማንኛውም የአሥር ዓመት ልጅ የሚነገር ነው፤ ገደል ላይ የተቀመጠው ይህ ምሽግ በአንድ ወቅት ባሕሩ እስከ ግርጌው ይደርስለት ስለነበር ስንቅ በመርከብ መጥቶ በደረጃው ይወጣለት ነበር፣ ከ1461 እስከ 1468 ድረስም ከበባን ተቋቁሟል።

ሆኖም ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ደረጃዎቹ ጠባብና ያልተስተካከሉ፣ በዝናብ ጊዜም የሚያንሸራትቱ ናቸው፤ አንዳንዱ የማማ ጫፍም ልቡ ለሚርበደበድ ወላጅ አይመችም። መራመድ የጀመረ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ከአራቱ ቦማሪስን ቢያስቀድም ይሻላል፤ በ1295 ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የቀረው ይህ ምሽግ ሜዳ ላይ የተሠራ፣ በውኃ የተከበበና ውስጡ ሰፊ ሣር ያለበት ነው።

የራይን ግንቦች ዓላማ ከሁለቱም ይለያል፤ ብዙዎቹ በወንዙ ከሚያልፉ መርከቦች ቀረጥ ለመሰብሰብ የተሠሩ ናቸው። በ65 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ወደ 40 የሚጠጉ ግንቦች የተደረደሩት እያንዳንዱ መስፍን ከንግዱ ድርሻውን ስለፈለገ ነው። በካውብ ከተማ ፊት ለፊት፣ በወንዙ መካከል ባለች ደሴት ላይ የቆመው ፋልዝግራፈንሽታይን የቀረጥ ኬላ እንደነበረ ምንም ማብራሪያ ሳያስፈልግ ይታያል፤ በትንሽ ጀልባ ተሻግሮ መግባትም ይቻላል። ተጓዡ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ግን ከወንዙ ዳር አምረው የሚታዩት አንዳንዶቹ ግንቦች የመካከለኛው ዘመን ሥራ አለመሆናቸውን ነው። በ1689 የፈረንሳይ ጦር ብዙዎቹን አፍርሷል፤ ሽቶልዘንፌልስንና ራይንሽታይንን የመሳሰሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፕሩሲያ መሳፍንት እንደ አዲስ የታነጹ ናቸው። እውነተኛውን ጥንታዊ ግንብ ለሚፈልግ በዚህ የወንዝ ክፍል ካሉት ኮረብታ ላይ የተሠሩ ግንቦች ሳይፈርስ የቆየው ማርክስቡርግ አለ፤ ወደ ሞዘል ወንዝ ገባ ብሎም ከ850 ዓመት በላይ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ሳይወጣ የቆየው ኤልትዝ ይገኛል። ሁለቱም ውስጣቸው የሚታየው በአስጎብኚ ብቻ ስለሆነ ጉብኝቱ በምን ቋንቋና በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው፤ ትዕግሥት ለሌለው ሕፃን ሊገባው በማይችል ቋንቋ ረጅም ገለጻ ማዳመጥ ቅጣት ነውና።

መንገዱና መልክዓ ምድሩ

በተፈጥሮ ውበት ብቻ ከተወዳደሩ ሰሜን ዌልስ ያሸንፋል። ምሽጎቹ የሚገኙት በኤሪሪ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያና ጥግ ሲሆን፣ በውስጡም 1085 ሜትር ከፍታ ያለው ኧር ዊድቫ፣ ማለትም ስኖውደን፣ ይገኛል። ከኮንዊ ካርናርቨን በባሕሩ ዳር ባለው ፈጣን መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በተራራው በኩል በካፔል ኪሪግና በላንበሪስ ማለፊያ ዞሮ መሄድ የጉዞው ሁሉ ምርጥ ሰዓት ነው። ከላንበሪስ ተነሥቶ ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣ ባቡርም አለ፤ ሥራ የጀመረው በ1896 ሲሆን የሚሄደው በወቅቱና የአየሩ ሁኔታ ሲፈቅድ ነው። የዚህ ውበት ዋጋው የመንገዱ ጠባብነት ነው። መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፣ ርቀትና ፍጥነት የሚለካው በማይል ነው፣ በሁለቱም ወገን የድንጋይ አጥር የተጠጋበት አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድም ያጋጥማል። በዌልስ ከመስከረም 2023 ጀምሮ በአብዛኛው የመኖሪያ አካባቢ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 20 ማይል ሆኗል፤ በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ ረጅም የሚሆነውም በከፊል ለዚህ ነው። በቀኝ መንዳት የለመደ አሽከርካሪ ትንሽና ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ቢከራይ ጭንቀቱ ይቀንስለታል። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ላለው ቤተሰብ ደግሞ ይህ መንገድ ፈተና ነው። ዝናቡንም መርሳት አይገባም፤ የኤሪሪ ተራሮች ከብሪታንያ እጅግ ዝናባማ ቦታዎች መካከል ናቸው፣ ጣሪያ የሌለው ምሽግ ደግሞ መጠለያ አይሆንም።

ሎዋር በአንጻሩ ለአሽከርካሪ እረፍት ነው። መሬቱ ሜዳማ፣ መንገዱ ቀና፣ ርቀቱም አጭር ነው፤ ከቱር አምቧዝ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአምቧዝ ሽኖንሶ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ከፓሪስ ቱር ድረስ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ መኪናውን ከዋና ከተማው ከመከራየት ይልቅ እዚያው ቱር መረከብ የከተማውን ትርምስና የአውራ ጎዳናውን ክፍያ ያስቀራል። መልክዓ ምድሩ ግን የዋህ ነው። የወይን ማሳ፣ የአሸዋ ደለል፣ ከነጭ ድንጋይ የተሠሩ ቤቶችና በዓለት ውስጥ የተፈለፈሉ መኖሪያዎች ዓይን ለሚያሳርፍ አዋቂ የሚበቁ ሲሆኑ፣ ልጆች ግን በመስኮት ሲመለከቱ ተራራና ገደል ይፈልጋሉ።

በራይን ሁለት መንገዶች በሁለቱ የወንዙ ዳርቻዎች ትይዩ ይሄዳሉ፣ ባቡርም እንዲሁ በሁለቱም ወገን አለ። ከኮብሌንዝ እስከ ማይንዝ አካባቢ ድረስ ወንዙን የሚያሻግር ድልድይ ስለሌለ መኪናው በጀልባ ይሻገራል፤ ልጆች ከግንቦቹ ይልቅ ይህን ቢያስታውሱ አይገርምም። 132 ሜትር ከፍታ ያለው የሎሬላይ ቋጥኝም በዚሁ መካከል ይገኛል። እዚህ ላይ ለተጓዥ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፦ በራይን የመኪና ኪራይን በከፊል መተው ይቻላል። መኪናውን አቁሞ ከባኻራህ ሳንክት ጎአር ድረስ በመርከብ ወርዶ በባቡር መመለስ ስለሚቻል፣ መኪናው በእርግጥ የሚያስፈልገው እንደ ኤልትዝ ላሉ ከወንዙ ለራቁ ቦታዎች ነው። የአካባቢው ትልቁ ችግር በሌሊት የሚያልፉት የዕቃ ባቡሮች ድምፅ ነው፤ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ወንዙን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል ከመያዝ ይልቅ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለውን ማረፊያ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ወጪ፣ ወቅትና ፈቃድ

የሼንገን ቪዛ ለፈረንሳይም ለጀርመንም ያገለግላል፣ ገንዘቡም በሁለቱም አገር ዩሮ ነው፤ ዌልስ ግን የእንግሊዝን ቪዛና ፓውንድን ትጠይቃለች። በመግቢያ ክፍያ ረገድ ብዙ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ሎዋር ያልተጠበቀ ጥቅም አለው፤ ሻምቦርንና አዜ ለ ሪዶን የመሳሰሉ የመንግሥት ቤተ መንግሥታት ከ18 ዓመት በታች ያሉትን በነጻ ያስገባሉ። ሽኖንሶና ክሎ ሉሴ በግል የተያዙ በመሆናቸው ለልጆችም ያስከፍላሉ። የዌልስ ምሽጎችን የሚያስተዳድረው ካዱ የቤተሰብ ቲኬትና ለበርካታ ቀናት የሚያገለግል ማለፊያ ስላለው፣ አራቱንም ለማየት ያሰበ ሰው ማለፊያውን መግዛቱ ያዋጣዋል። በራይን እያንዳንዱ ግንብ የራሱ ባለቤትና የራሱ ዋጋ አለው።

ለሁሉም ግንቦትና መስከረም ተመራጭ ናቸው። ኤልትዝ በአውሮፓ ቀዝቃዛው ወቅት ይዘጋል፣ የራይን መርከቦችም በዚያ ጊዜ ይቀንሳሉ፤ ሎዋር በሐምሌና በነሐሴ እጅግ ስለሚጨናነቅ ሽኖንሶን በማለዳ መድረስ ይሻላል። የልጅ መቀመጫ ሕጉም ይለያያል፤ በጀርመን እስከ 12 ዓመት ወይም 150 ሴንቲ ሜትር፣ በብሪታንያ እስከ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር፣ በፈረንሳይ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ድረስ ግዴታ ነው። አከራዮች መቀመጫውን በቀን እየቆጠሩ ስለሚያስከፍሉ፣ የራስን ይዞ መሄድ ለረጅም ጉዞ ይረክሳል።

ለማን የትኛው

ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ራይንን እመርጣለሁ፤ መኪና ውስጥ የሚጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው፣ ጀልባና ባቡርም የዕለቱን ግማሽ ይሸፍናሉ። ከሰባት እስከ አሥራ ሦስት ላሉት ያለ ጥርጥር ሰሜን ዌልስ ይሻላል። አያቶች አብረው ከተጓዙ ወይም ልጆቹ ታሪክ የሚያነቡ ወጣቶች ከሆኑ ሎዋር ይቀድማል፤ በማርክስቡርግ ከዓለት የተፈለፈለው መግቢያና በዌልስ ያለው ደረጃ ለደከመ ጉልበት አይመቹም። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ሎዋርን ይዞ አንዱን ቀን ለምሽግ ሊለይ ይችላል፦ በሎሽ 36 ሜትር ከፍታ ያለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ማማ አለ፣ በሺኖንም ዣን ዳርክ በ1429 ከሻርል ሰባተኛ ጋር የተገናኘችበት ምሽግ ይገኛል።

ራይንንና ሎዋርን በአንድ ሳምንት ለማጣመር ማሰብ ግን አይመከርም። ከኮብሌንዝ ቱር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ አንድ ሙሉ ቀን በአውራ ጎዳና ላይ ያልቃል፣ ወደ ተረከቡበት ቦታ ያልተመለሰ መኪናም ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ትርፍ ቀናት ያሉት የራይን ተጓዥ ከኮብሌንዝ ወደ ሞዘል ወንዝ ታጥፎ ኤልትዝንና ከዚያ በላይ ያለውን የኮኸም ግንብ ቢጨምር ያንኑ ጊዜ በተሻለ ያውለዋል።