«አብሽሩ እናታችን» ተብሎ የተሸጠልኝ የጡረተኛ ጥቅል

ጡረታ ወጥታችሁ ከአሜሪካ ወደ ድሬዳዋ ለመመለስ ዕቃ የምትሸክፉ ወገኖቼ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ከዚራ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ ቪዛ፣ የጤና መድንና የጡረታ ጉዳይ በአንድ ላይ የታሰረበት «የጡረተኛ ጥቅል» በ2,800 ዶላር ገዛሁ። አቤቱታ አስገብቻለሁና የቢሮውንም የሰውየውንም ስም አልጠራም። ደግሞም እንዲህ ያለ ጥቅል የሚሸጠው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

ጥቅሉን የሸጠልኝ የቢሮው ልጅ ምላሱ ማር ነው። ለጠየቅሁት ሁሉ መልሱ «አብሽሩ እናታችን» ነበር። ሚኔሶታ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ያጠብሁ ሴት፣ ቀፊራ ገበያ አንድ ኪሎ ቲማቲም ሳልከራከር የማልገዛ ሴት፣ በዚያች ቃል ተሸንፌ ከፈልሁ።

ቪዛውን በአጭሩ ልለፈው። የሰጠኝ ማንም ሰው በኢንተርኔት ራሱ አመልክቶ የሚያገኘውን የ90 ቀን የቱሪስት ቪዛ ነው። እኔ ግን ዜግነቴን ብቀይርም ትውልደ ኢትዮጵያዊት ነኝና፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ እዚያው አሜሪካ ሳለሁ በኤምባሲያችን በኩል ማውጣት እችል ነበር። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖርም የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ልጁ ይህን ጠፍቶት አይደለም፤ ካርዱን ከያዝሁ «ማደሻ» እያለ የሚቀበለኝ ገንዘብ ይቀርበታል።

ያቃጠለኝ መድኑ ነው። በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ሕመምተኛን ከድሬዳዋ ናይሮቢ የሚያደርስ የአምቡላንስ አውሮፕላን ሥዕል አለ። መስከረም ላይ የደንጊ ትኩሳት ያዘኝ፤ ከዝናቡ በኋላ ትንኙ የሚበረታበት ወቅት ነው፣ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ትኩሳቱ አጥንቴን ሲሰባብረኝ ሆስፒታል ያደረሰኝ የጎረቤት ልጅ ባጃጅ ነው። አምስት ሌሊት በግል ሆስፒታል ተኛሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ የመድን ካርዴን አገላብጣ አይታ መለሰችልኝና ሙሉውን ከኪሴ ከፈልሁ። «ደረሰኙን ይላኩ፣ ይመለስልዎታል» አለኝ ልጁ። ላክሁ። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው መልስ «አይከፈልም» የሚል ነበር።

ምክንያቱ ውሉ ዘጠነኛ ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል ሰፍሯል። የተሸጠልኝ የመንገደኛ መድን ነው። የመንገደኛ መድን ከሚኖርበት አገር ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ የሚጓዝን ሰው ይሸፍናል። ልጁ በገዛ እጁ በሞላው ቅጽ ላይ ደግሞ መኖሪያዬ ድሬዳዋ ነው። ስለዚህ ቤቴ ሆኜ ታመምሁ እንጂ መንገድ ላይ አልታመምሁም! ይህ አልበቃ ብሎ፣ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም፤ የስኳር ሕመም ካለብኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነውና «አምስት ሌሊት የቆዩት ስኳርዎ ስለተዛባ ነው» ብለው ሁለተኛውንም በር ዘጉብኝ። ገንዘቤን መልሱ ብል ደረሰኜን አነበቡልኝ፤ «የማማከር አገልግሎት» ይላል። አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ የሚል ቃል የለበትም።

መድን የምትገዙ ከሆነ ውሉን «የማይሸፈኑ ጉዳዮች» ከሚለው ክፍል ጀምራችሁ አንብቡ፣ የዕድሜ ጣሪያውንም እዩ። ካርዱን ይቀበሉ እንደሆነ ሆስፒታሉን ራሳችሁ ጠይቁ። እዚህ አገር መድን የሚሸጥ ወኪልም ሆነ ደላላ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ በሉት። እኔ አላልሁም።

የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬርስ? ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ልጁ ይህንኑ ይዞ «ታዲያ ፓርት ቢን ለምን ይከፍላሉ? ይሰርዙት» አለኝ፤ ፓርት ቢ በየወሩ የሚከፈልበት የሜዲኬር ክፍል ነው። በፈረንጆች 2025 መደበኛው ክፍያ በወር 185 ዶላር ነበርና ምክሩ ያጓጓል። ያልነገረኝ ግን ኋላ ልመለስ ብል ሳልመዘገብ ለቆየሁበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት እንደሚጨመርብኝ ነው፤ ቅጣቱም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይከተላል። አልመለስም ብሎ የቆረጠ ሰው ቢሰርዘው አልፈርድበትም። እኔን ልጄ በስልክ ጮኻብኝ አስተወችኝ።

ጡረታው ላይ ውክልና ስጡኝ አለ፣ እምቢ አልሁ። ለካ የአሜሪካ ጡረታችንን የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የጡረታ ገንዘብን ለማስተዳደር ውክልናን ጭራሹን አይቀበልም፤ ጡረተኛው ራሱን ካልቻለ ተቀባይ የሚሾምለት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። የደብዳቤ አድራሻዬን ወደ እሱ ቢሮ ማዛወሬ ግን ጎዳኝ። ውጭ ለምንኖር ጡረተኞች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ ይላካል፤ ሞልተን ካልመለስን ክፍያው ይቆማል። የእኔ መጠይቅ ልጁ መሳቢያ ውስጥ ከረመና ሦስት ወር ያለ ጡረታ ኖርሁ። ኋላ ተጠራቅሞ ተከፈለኝ፤ እስከዚያው የበላሁት በብድር ነው።

ሳቢያን ያለች ወዳጄ ከእኔ ትብሳለች። የእሷ ገቢ ጡረታ ሳይሆን ኤስ ኤስ አይ የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የአሜሪካ መንግሥት ድጎማ ነው። ይህ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ተከታታይ 30 ቀን ለቆየ ሰው ይቋረጣል፤ ሳያሳውቁ የተቀበሉት ዕዳ ሆኖ ይመጣል። እሷንም «አብሽሩ» ብሏታል። ግሪን ካርድ የያዛችሁም ስድስት ወር ሙሉ ውጭ ስትቆዩ ጡረታችሁ ሊቆም ይችላልና፣ ሳትነሡ ራሱን መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ።

የእኔ ጥቅል ጥር ላይ ያበቃል። ባለፈው ሳምንት ከቢሮው በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፤ ነባር ደንበኛ ስለሆንሁ ለማደሻ የ400 ዶላር ቅናሽ ተደርጎልኛል።