የአያቴ ቤሬታ በባሕር ዳር ተመረመረ፦ ስለ አንድ የቅርሳ ቅርስ ግምት ቤት አገልግሎት

አባቴ ዕድሜያቸው ሰማንያን ከተሻገረ ወዲህ ንብረታቸውን በሕይወት እያሉ ለልጆቻቸው ማከፋፈል ጀምረዋል። ቤቱና መሬቱ ያለ ክርክር ተከፋፈለ። ሳንስማማ የቀረነው በአንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ እርሱም አያቴ በአርበኝነታቸው ዘመን ከጣልያን ማርከው ለአባቴ ያወረሱት ቤሬታ ሽጉጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ቅርስ ነው ሲል፣ እኅቴ ደግሞ የዛገ ብረት ከመሆን አያልፍም ትላለች። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ሰው መርምሮ ይዞታውንና ዋጋውን በጽሑፍ እንዲሰጠን ወሰንን።

መጀመሪያ የሄድነው ስሙን ወደማልጠቅሰው ሌላ ቤት ነበር። እዚያ የነበረው ሰው ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ አገላብጦ እንኳ በቅጡ ሳያየው ዋጋ ጠራ፤ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ አዲስ እንደሚያስመስለው ነገረን። አባቴ እምቢ አሉ። እኔ ሐሳቡን ወድጄው ነበር፤ ምን ያህል ጥፋት ልናደርስ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሁን የምጽፍለት ቤት ከሄድን ወዲያ ነው።

ይህኛው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው ሰፈር የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። ባለሙያው አሮጌ ሰዓትና ራዲዮ ይጠግናሉ፣ የብር መስቀልና ጎራዴ ይገምታሉ። ሽጉጥ መሆኑን ስንነግራቸው ለማየት አልቸኮሉም። በቅድሚያ የጠየቁት የአባቴን የመያዣ ፈቃድ ሲሆን፣ በፈቃዱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከሽጉጡ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሥራውን እንደማይጀምሩ በትሕትና ገለጹ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ዕቃው አሮጌ ነውና ግድ የለም የሚባልበት መንገድ እንደሌለ ያስረዱን ያኔ ነው። ወንድሜ ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ወስዶ ይሽጥልን የሚል ሐሳብ ነበረው። እሳቸው ግን መሣሪያነቱ እንኳ ቢቀር፣ የቅርስ አዋጁም (ቁጥር 209/1992) ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን እንደሚከለክል አስታውሰው ያን በር ወዲያው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አፈሙዙን ወደ አሸዋ ባልዲ አዙረው ካዝናውን አወጡ፤ ቀጥሎም የላይኛውን ተንሸራታች አካል ወደ ኋላ ስበው የጥይት ጉርሻውን በመብራት አዩ። ቤሬታ ሞዴል 1934 ካዝናው ቢወጣም ጉርሻው ውስጥ ጥይት ካለ ይተኩሳል። ብዙ ሰው ካዝናውን አውጥቶ ባዶ ነው ብሎ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ እኛም ቤታችን ውስጥ ለዓመታት የያዝነው እንዲሁ ነበር። ሌላም የማናውቀው ነገር ነገሩን። ሽጉጡ የሚጎርሰው በጣልያንኛ ዘጠኝ ኮርቶ የሚባለውን፣ 9 በ17 ሚሊ ሜትር የሆነውን አጭር ጥይት ነው፤ በአገራችን የተለመደው የማካሮቭ ጥይት ግን 9 በ18 ሲሆን እርሳሱም ወፈር ስለሚል ለዚህ ሽጉጥ ፈጽሞ አይሆንም። ወንድሜ ሁለቱንም «ዘጠኝ ቁጥር» ብሎ አንድ ያደርጋቸው ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው የአገልግሎቱ ክፍል የጽሑፉና የማኅተሞቹ ንባብ ነው። በግራ በኩል የፋብሪካው ስም፣ የጥይቱ ልክና ሞዴል 1934 የሚል ተቀርጿል፤ ከሥሩ ደግሞ ጋርዶኔ የሚለው የፋብሪካው ከተማ ስም፣ 1939 የሚል በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ዓመትና በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ 17 ይታያል። አባቴ ይህን ሁለተኛ ቁጥር የክፍለ ጦር ቁጥር ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። ባለሙያው እንዳስረዱን ግን የፋሽስቶች የዘመን አቆጣጠር ነው፤ መነሻውም ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘበት በእኛ ጥቅምት 1915 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አሥራ ሰባተኛው ዓመት እስከ ጥቅምት 1932 ዓ.ም. ይደርሳል። ከእጀታው በላይ፣ በአካሉ የኋላ ጫፍ አጠገብ፣ ከዘውድ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት የንጉሡ ምድር ጦር ንብረት መሆኑን ያመለክታሉ። መልሕቅ ቢኖርበት የባሕር ኃይል፣ ንስር ቢኖርበት የአየር ኃይል ይሆን ነበር፤ እነዚያ በቁጥር ስለሚያንሱ ሰብሳቢዎች ይበልጥ ይፈልጓቸዋል።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በቤታችን የሚተረከው አያቴ ሽጉጡን በ1929 ዓ.ም. እንደማረኩት ነው። በ1931 እና በ1932 ዓ.ም. መካከል የተሠራ ሽጉጥ በ1929 ሊማረክ አይችልም። ባለሙያው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለአባቴ «አባባ፣ አያትየው አልማረኩም ማለቴ አይደለም፤ ዓመቱን ደግመው ያስታውሱ እንደሆነ ብዬ ነው» አሏቸው። አባቴ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ አባታቸው በ29 የማረኩት ጠመንጃ እንደነበርና እርሱም በኋላ እንደተሸጠ፣ ሽጉጡ ግን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ በገቡበት ሰሞን ጣልያኖች ከጎጃም ሲወጡ የተገኘ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ። ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ደግሞ ከማኅተሙ ጋር በሚገባ ይገጥማል። የቤተሰብ ታሪክ የሁለት መሣሪያዎችን ነገር በአንዱ ላይ ደርቦት ኖሯል። ደስ ለማሰኘት ብለው የሰማነውን ቢያጸድቁልን ኖሮ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ እኔ ይህን ቤት የማመሰግነው በዋናነት ስላላደረጉት ነው።

ወደ ይዞታው ስንመጣ፣ በላይኛው አካልና በታችኛው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው። ይህ ዋና ነገር መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ሽጉጦች ተገጣጥሞ የተሠራ ዕቃ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያጣ ካስረዱኝ በኋላ ነው። የብረቱ የፋብሪካ ሰማያዊ ጥቁረት በጠርዞቹ ላይ ከአፎቱ ጋር ሲፋተግ ለቅቋል፤ ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም፤ የኖረ ዕቃ እንዲህ ይለብሳል። የሚያሳስባቸው በእጀታው ሽፋን ሥር ያገኙት ቀይ ዝገት ነው። ጥቁር ቡናማ ሆኖ የረጋ ዝገትና በጣት ሲነካ ዱቄት የሚሆን ቀይ ዝገት እንደሚለያዩ፣ የመጀመሪያውን መተው፣ ሁለተኛውን ግን ማቆም እንደሚገባ አሳዩኝ። በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግ ኖሮ የቀረው ጥቁረት ከነማኅተሞቹ ጠርዝ ይሄድ ነበር፤ የጠፋ የፋብሪካ ገጽ ደግሞ በምንም ቀለም አይመለስም።

ለዝገቱ ሦስት ምክንያት ሰጡ፤ ሦስቱም እኛው ያደረግናቸው ናቸው። አባቴ በየዓመቱ በቅቤ ያሹት ነበር፤ ቅቤው ቆይቶ ሲኮመጥጥ ብረቱን ይበላል፣ በስፕሪንጉ ዙሪያም ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሽጉጡ ሰማንያ ዓመት ያህል የኖረው በቆዳ አፎቱ ውስጥ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከተለፋበት ነገር የቀረው ጨውና አሲድም ወደ ብረቱ ይተላለፋል። በአፎቱ የመዳብ ቁልፎች ላይ ያለው አረንጓዴ ሽፍታም የዚሁ ምልክት ነው። ሦስተኛው የጣና አየር ነው፤ ክረምት ከገባ እስከ መስከረም ድረስ በሐይቁ ዳር ያለ ቤት ውስጥ ሣጥን ቢቆለፍም እርጥበቱ ይገባል። አፎቱን ለብቻ፣ ሽጉጡን በስስ የስፌት መኪና ዘይት አብሶ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶችም አብሮ መክተት በቂ ነው ብለዋል። የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ይታያል እንጂ ፈዝዟል፤ የዚያ ዘመን ጥይት ማቀጣጠያ ጨው ትቶ ስለሚያልፍ፣ ተተኩሶ ሳይጸዳ የቆየ አፈሙዝ ሁሉ እንዲህ ይሆናል።

የቀኝ እጀታው ሽፋን የፋብሪካው ጥቁር ፕላስቲክ አይደለም። አያቴ ሲሰበርባቸው ከወይራ አስቀርጸው የገጠሙት ነው። ለሰብሳቢ ይህ ዋጋ ይቀንሳል፤ ባለሙያውም በሪፖርቱ ላይ እንደዚያው ጽፈውታል። ሆኖም ኦሪጅናል ሽፋን ቢገኝ እንኳ ወይራውን እንዳንጥለው አጥብቀው መከሩን። እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከሽጉጡ ላይ የአያቴ እጅ ያለበት ይህ ብቻ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ግምቱ የተሰጠን ለውርስ ክፍፍል ብቻ እንጂ ለሽያጭ እንዳልሆነ በግልጽ ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እዚህ አላሰፍረውም። ወንድሜ ከጠበቀው እጅግ ያንሳል፣ እኅቴ ካለችው ይበልጣል። ቤሬታ 1934 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተመረተ ሽጉጥ ነውና ብርቅነት የለውም፤ ዋጋ የሚጨምርለት የቁጥሩ መግጠም፣ ያልተነካ ገጹ፣ አፎቱና የመጣበት መንገድ ታሪክ ነው።

ቅር ያሰኘኝም አለ። በአሥር ቀን ይደርሳል የተባለው ሪፖርት ሦስት ሳምንት ተኩል ፈጀ፤ ሁለት ጊዜም ቀጠሮ አክብረን ሄደን በሩ ተዘግቶ አግኝተነዋል፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሰው በባጃጅ ይዞ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሪፖርቱ በእጅ የተጻፈ አራት ገጽ ሲሆን ፎቶግራፍ የለውም፤ ስለ ዝገቱ ቦታ የተጻፈውን ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚኖረው ይዞታ ጋር ለማነጻጸር ፎቶግራፍ የግድ ያስፈልግ ነበር። የማኅተሞቹን ፎቶ እኔው በስልኬ አንስቼ ከወረቀቱ ጋር አያይዣለሁ። የተከፈለው 1,500 ብር ለተሠራው ሥራ ውድ አይደለም፤ ሽጉጡ ለአንድ ሌሊት እንኳ እሳቸው ዘንድ አላደረም፤ ምርመራው በሁለት ቀን ቀጠሮ እኛ ባለንበት ተከናውኗል።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈቃዱን ዋናውን ይያዝ፤ ዕቃውንም ሳይወለውል፣ ሳያጸዳ፣ እንዳለ ይውሰድ። ስለ ዕቃው የሚያውቅ ሽማግሌ በቤቱ ካለም አብሮ ቢሄድ ይመረጣል፤ እኛ ከማኅተሙ ያገኘነው ዓመቱን ብቻ ነው፤ ደብረ ማርቆስን ያስታወሱት አባቴ ናቸው። ለመስቀል ማግስት ዝገቱ መቆሙን ለማየት ቀጠሮ ይዘናል፤ ሽጉጡም በአባቴ ፈቃድ አባቴ ዘንድ እንዲቆይ ሦስታችንም ተስማምተናል።