«ማን-ክዚን ዋርስ» ወይስ «ቴልስ ኦፍ ሄረሲ»? የጠፈር ጦርነት መድበል መግዛት ለሚፈልጉ የሐዋሳ አንባቢያን

ሐዋሳ ላይ ሆኖ የእንግሊዝኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማግኘት ብዙ ጊዜ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አንድ ርዕስ መርጦ መላክን ስለሚጠይቅ፣ ምርጫው በጥንቃቄ ሊደረግ ይገባል። እዚህ የማነጻጽራቸው መድበሎች እ.ኤ.አ. በ1988 ቤን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ድርጅት ያወጣው የ«ማን-ክዚን ዋርስ» የመጀመሪያ ቅጽና በ2009 ብላክ ላይብረሪ በተባለው አሳታሚ የወጣው «ቴልስ ኦፍ ሄረሲ» ናቸው።

የመጀመሪያው ላሪ ኒቨን በፈጠረው ዓለም ውስጥ የሰው ልጅ ክዚን ከሚባሉ፣ ነብር ከሚመስሉና በቁመት ከሰው ከሚበልጡ ተዋጊ ፍጡራን ጋር ያደረገውን ጦርነት ይተርካል። መክፈቻው በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የኒቨን «ዘ ዋሪየርስ» ነው። የክዚኖቹ አእምሮ አንባቢ የሰዎቹን ሐሳብ መርምሮ መርከባቸው አንድም የጦር መሣሪያ እንደሌላት ያረጋግጣል፤ ለሰላማዊ ጉዞ የተሠራ ነገር በጠላት ፊት ምን ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አላሰበም። ጦርነቱ ከመነሻው ስለሚተረክ አንባቢው አስቀድሞ ሌላ መጽሐፍ ማንበብ አይጠበቅበትም። መድበሉ የያዘው ሦስት ሥራዎችን ብቻ ሲሆን የፖል አንደርሰንና የዲን ኢንግ ድርሰቶች ረጃጅም በመሆናቸው፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

«ቴልስ ኦፍ ሄረሲ» ሰባት ታሪኮች አሉት። መሠረቱ ጌምስ ወርክሾፕ በ1987 ያወጣው የዋርሃመር 40,000 የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ሲሆን፣ በ2006 የተጀመረው የ«ሆረስ ሄረሲ» ተከታታይ አሥረኛ መጽሐፍ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ዓለም የሰው ልጆችን በሚገዛው ንጉሠ ነገሥት ላይ ያመፀውን ልጁን ሆረስንና የጦር ክፍሎቹን የማያውቅ አንባቢ አብዛኞቹ ታሪኮች ይዘጉበታል። ከዚህ ነፃ የሆነው የግርሃም ማክኒል «ዘ ላስት ቸርች» ነው። በምድር ላይ በቀረችው የመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን አንድ አረጋዊ ቄስ ከማያውቁት እንግዳ ጋር ሌሊቱን ስለ እምነትና በእምነት ስም ስለፈሰሰ ደም ይከራከራሉ፤ ስለ ወጣትነታቸው፣ ስለ ጦር ሜዳውና ወደ እምነት ስላመጣቸው ራእይም ይናገራሉ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደገ አንባቢ የቄሱን መልስ ከብዙ የዋርሃመር አድናቂዎች በላይ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ንጽጽር ውስጥ ከተጠቀሱት ታሪኮች ሁሉ የላቀውም እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ለአንድ ታሪክ ሲባል ሙሉ መድበል እንዲገዛ ለጀማሪ አልመክርም። ለጀማሪ «ማን-ክዚን ዋርስ» ይቅደም፤ የተከታታዩን የመጀመሪያ መጽሐፍ «ሆረስ ራይዚንግ»ን ያነበበ ግን ያለ ማመንታት «ቴልስ ኦፍ ሄረሲ»ን ይውሰድ። በ2011 የወጣው «ኤጅ ኦፍ ዳርክነስ» ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ሶፍት ኮፒ ለሚመርጥ፣ ቤን በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጣቸው መጻሕፍት የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ስለሌለባቸው አንዴ ከወረዱ በማንኛውም ስልክ ያለ ኔትወርክ ይነበባሉ። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ካርድ ስለሚፈጸም የዘመድ እገዛ ሊያስፈልግ ይችላል። «ማን-ክዚን ዋርስ» በዚሁ ስም ከአሥር በላይ ቅጾች ስላሉት፣ ለሚያመጣው ሰው የመጀመሪያው ቅጽ መሆኑ ተለይቶ ይጻፍለት።